የጎልቦ አቧራ ጣት በሚያህል ታንክ ላይ

የተቀባ ትንሽ ታንክ ሲቀርብላችሁ ቶሎ አንስታችሁ ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉት። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ እዩት። የጠረጴዛ ጦርነት የሚጫወት ሰው ተሽከርካሪውን የሚያየው ከዚያ ርቀት ነው። ከዚያ ሆናችሁ «ይህ የት አገር ሲነዳ የከረመ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከቀለሙ ላይ ከተነበበ ሥራው ጥሩ ነው። «በጣም ተለፍቶበታል» ብቻ የምትሉ ከሆነ ግን ገና ነው። ልፋት ብዙ ጊዜ የሚታየው ዕውቀት በጎደለበት ቦታ ነው።

እኔ መመዘኛዬን ጎልቦ ላይ አቆማለሁ። ጎልቦ ከሜጋ ከፍታ ግርጌ ተነሥቶ ሞያሌን አካልሎ ወደ ኬንያ የሚዘረጋው ቆላ ነው። ሰብሳቢዎች ስለ ምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት ሲያወሩ ከረንንና አምባላጌን ያነሣሉ፤ ይህን ሜዳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ እንግሊዞች በሞያሌ ምሽጋቸው ተከበቡ፤ ሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያም በሌሊት ሾልከው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካውያን በብረት ለበስ መኪናዎቻቸው ጎራይንና ሆቦክን ይዘው ወደ ሜጋ ወጡ፤ ሜጋም የካቲት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ሞያሌ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እንግዲህ ለአንድ ቀለም ቀቢ ይህ ምን ማለት ነው? ሜዳው ላይ ደረቅ አቧራ፣ ሜጋ ላይ ደግሞ ዝናብና ጭቃ ማለት ነው። በአንድ ዘመቻ፣ በቀናት ልዩነት፣ ያው መኪና ሁለት መልክ ነበረው። «የካቲት 1933፣ ሜጋ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ለጥፎ መኪናውን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ዱቄት የሸፈነ ሰው ቀኑን አንብቦ ሰማዩን አላየም።

አቧራን ማወቅ የሚፈልግ ሞያሌ ኬላ አካባቢ ተሰልፈው የሚቆሙትን የጭነት መኪናዎች አንድ ከሰዓት ይመልከት። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ትምህርቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ሆኖም ከገጠር የሚገቡ ኤፍ ኤስ አሮችና ላንድ ክሩዘሮች አሁንም ያስተምራሉ። አቧራ እኩል አይቀመጥም። ከፓራፋንጎ ኋላና ከበር ሥር ይወፍራል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይሳሳል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛል፣ ቀጥ ካለ ላሜራ ላይ ይንሸራተታል። የነዳጅ ክዳን አካባቢ ቅባት ስላለ ይያዝና ይጠቁራል። የበር እጀታው ዙሪያ በእጅ፣ መወጣጫው በጫማ፣ የጭነቱ ጎን በገመድ ይጠረጋል። መስታወቱ ላይ ዝናብ መጥረጊያው የደረሰበት ብቻ ንጹሕ ነው። የጎማው ጥርስ ውስጥ አፈር ይቀራል፤ መሬት የሚነካው ገጹ ግን ይጸዳል። ጥሩ ቀቢ እነዚህን ሁሉ በአውራ ጣት በሚያህል ሞዴል ላይ አያስቀምጥም፤ ሦስቱን ይመርጣል። ምርጫው ነው ሙያው።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሞያሌ አፈር ቀላ ያለ ነው። ወደ ደቡብ፣ ዲዳ ጋልጋሉ ላይ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይነጠፋል። የሜጋ ረባዳ ቦታዎች ደግሞ መረሬ አላቸው። ከሱቅ «የበረሃ አቧራ» ተብሎ የሚሸጠው ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ለሊቢያ ይሆን ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም። በትንሽ ነገር ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይም ቀዩን ትንሽ ማንጣት ያስፈልጋል፤ ከእውነተኛው አፈር ጋር አስተያይቶ ቁርጥ አድርጎ ያመሳሰለ ሰው ሞዴሉን ጡብ አስመስሎት ያርፋል።

አሁን አንሡት። በመጀመሪያ ጎማዎቹ ወይም ሰንሰለቱ ሁሉ ጠረጴዛውን ነክተው ነበር ወይስ አልነኩም ብላችሁ አስታውሱ፤ አንዱ ከተንጠለጠለ ገጣጣሚው ቸኩሏል። በጥፍራችሁ ጠርዙን ዳስሱ፦ የቅርጽ ማውጫው መስመር በብርጭቆ ወረቀት ካልጠፋ፣ ወይም በማሽን የታተመ ሆኖ ንብርብሩ በቀለሙ ውስጥ ከታየ፣ ከላይ የተደረገው ሁሉ ዋጋው ይወርዳል። ቀለሙ ቀጭን መሆን አለበት። የሪቬቱ ራስ በወፍራም ቀለም ተውጦ ከሆነ ብሩሹ የቤት አጥር ሲቀባ የነበረ ይመስላል። ተለጣፊ ምልክቶቹ በዳራቸው የሚያብረቀርቅ ፊልም ካሳዩ ማለስለሻ አልተደረገላቸውም። የመጨረሻው ቫርኒሽ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ታንክ አሻንጉሊት መሆኑን ራሱ ይናገራል።

መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የጣሊያኑን ሲ ቪ 33 ውሰዱ፣ በታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ጦር የገጠመውን። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሰባት ሳንቲ ገደማ፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ያህል ብቻ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚዞር ማማ የሌለው ነው። በ1/56 ልኬት ርዝመቱ 57 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 23 ሚሊሜትር ይሆናል። አጠገቡ የሚቆመው የ28 ሚሊሜትር ወታደር ከታንኩ መብለጥ አለበት ማለት ነው። ታንኩ ከሰውየው ከበለጠ አንዱ ተሳስቷል። ይህ ተራ የሒሳብ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሰዎች ከኋላ ቀርበው ሊወጡበት የቻሉት አጭርና ማማ የለሽ ስለሆነ ነው፤ ያበጠ ሞዴል ታሪኩን ያፈርሳል። የዚያን ዘመን የጣሊያን ቅብም ቀላ ያለ ቡናማ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበር። ነጠብጣቡ የሰው እጅ ሥራ ስለሆነ ጠርዙ ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ግን እንደ ነብር ቆዳ የተደረደረ ከሆነ ቀቢው ለውበት ብሎ ዋሽቷል።

የደቡብ አፍሪካው ብረት ለበስ መኪና ማርሞን ሄሪንግተን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። መኪናው በደቡብ አፍሪካ በፎርድ ሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን የአራት ጎማ መንጃው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ገበያ ላይ የሦስተኛው ዓይነት ሞዴል ይገኛል፤ ሜጋ ሲያዝ ግን ሦስተኛው ገና አልደረሰም ነበር። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት አጠር ብሎ ካያችሁት «ጎልቦ» የሚለውን ጽሑፍ አንሡለት፣ ወደ ሊቢያ ይሂድ። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ቀለም ያምራል ተብሎ ዘመን አይገፋም።

ዝገትንና የተላጠ ቀለምን በጥርጣሬ እዩ። ብዙ ቀቢዎች ጠርዙን ሁሉ በብር ቀለም ይነካኩታል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ዝገት ያፈሱበታል። ሆቦክ የደረሰው መኪና ከፋብሪካ ከወጣ ወራት እንጂ ዓመታት አልቆጠረም። የተላጠው ሥር አንቲሩጂኒው ይታያል እንጂ የተራቆተ ብረት ብዙ አይታይም። ዝገት በደረቅ አየር ላይ የሚበዛው የጭስ ማውጫው ላይ ነው፤ እዚያ ካለ ይበቃል።

አጃቢዎቹስ? በዚህ ግንባር ከደቡብ አፍሪካውያኑ ጋር ኬንያ ተሰደው ከነበሩት መካከል የተመለመሉ ኢትዮጵያውያን ተዋግተዋል። በጎልቦ ስም በቀረበ ስብስብ ውስጥ እነሱ ከሌሉ ሰብሳቢው የእንግሊዝኛ ሣጥን ላይ ያለውን ሥዕል ገልብጧል እላለሁ። በጣሊያን በኩልም ቢሆን ታንክ የሚያበዛውን ተጠራጠሩ፤ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ጦርነቱ ሲጀመር የነበሯቸው ቀላልና መካከለኛ ታንኮች ተደምረው ስልሳን ብዙም አያልፉም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሃያ የደረደረ ሰው የግዛቱን ታንኮች ሲሶ ሞያሌ አምጥቶታል።

እዚህ ቆላ ላይ ጦርነቱ የውኃና የነዳጅ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ሁለት እኩል የተቀቡ ሥራዎች፣ አንዱ ብረት ለበስ፣ ሌላው በርሜል የጫነ የጭነት መኪና፣ ፊቴ ቢቀርቡ የበርሜሎቹን ክዳን አያለሁ። ውኃ የጫነው በርሜል አፉ ዙሪያ ፈሶ አቧራውን ያጠቆረው፣ ነዳጅ የጫነው ደግሞ ያወዛው መሆኑን ቀቢው ለይቶ ካሳየ አንደኛነቱን ለጭነት መኪናው እሰጣለሁ፤ የብረት ለበሱ ባለቤት ቢቆጣም።