ቀልብን መሰብሰብ መድኃኒት ይሆናልን?

ሰላት ላይ ቆሞ ሐሳቡ ገበያ ለገበያ የሚዞርበትን ሰው አባቶቻችን «ቀልብህን ሰብስብ» ብለው ይመክሩታል። ስለዚህ ቀልብ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር በምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ይህን በሳምንትና በሰዓት ለክተው ለበሽተኛ ማዘዛቸው ነው። «ማይንድፉልነስ» ይሉታል፤ ሐሳብን አሁን ባለንበት ቅጽበት ላይ አሳርፎ፣ የሚመጣውን ስሜት ሳይፈርዱበት ማስተዋል ማለት ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቃል ከሐኪማቸው፣ ከመሥሪያ ቤታቸው፣ አልፎም ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሰሙታል። አንዳንዱ «የቡድሂስቶች ነገር ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሌላው «የኛው ኹሹዕ እኮ ነው» ብሎ በደስታ ይቀበላል። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ በእርግጥ ያድናልን? ማስረጃውስ ምን ያህል ይመዝናል? የልምምዱን ሸሪዓዊ ብያኔ ለዓሊሞች ትተን፣ እዚህ የምንመዝነው ማስረጃውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሰቃዩ ሰዎች አንድ ሥልጠና ጀመረ። ከቡድሂስቶች የተመስጦ ልምምድ ወስዶ ሃይማኖታዊ መልኩን ገፈፈውና የ8 ሳምንት ትምህርት አደረገው። ሠልጣኙ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከቡድኑ ጋር ይማራል፤ በቤቱም በየቀኑ 45 ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይከታተላል፣ ተጋድሞ አካሉን ከእግር እስከ ራሱ በሐሳቡ ይዳስሳል፣ ቀለል ያለ የዮጋ እንቅስቃሴ ያደርጋል።

እንግዲህ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ከሥልጠናው በኋላ «ረድቶኛል» የሚለውን ሰው ዋሽቷል አንልም። ነገር ግን ጭንቀት ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቀልላል። በየሳምንቱ ከመሰሎቹ ጋር ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው ያገኘም በዚያ ብቻ ይጽናናል። ስለዚህ ሠልጣኞችን ምንም ሳያገኙ ተራቸውን ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ብቻ ማወዳደር ጥቅሙን አጋንኖ ያሳያል። ትክክለኛው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ነው።

በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥሩ ጥናቶች አሉ። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት ከድብርት ሕመም ያገገሙ 145 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሕመሙ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰባቸው መካከል፣ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 66 ከመቶው እንደገና ሲታመሙ፣ ለዚህ ሕመም የተዘጋጀውን ሥልጠና ከጨመሩት ግን 37 ከመቶው ብቻ ታመሙ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሆኖም ሕመሙ ሁለት ጊዜ ብቻ የገጠማቸው ሰዎች ከሥልጠናው ያገኙት ጥቅም አልታየም። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ በ424 ሰዎች ላይ ይኸው ሥልጠና ከመድኃኒት ጋር ተወዳደረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው ሥልጠናውን ወስደው በሐኪም ድጋፍ መድኃኒቱን ከቀነሱት 44 ከመቶ፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 47 ከመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ሥልጠናው ይበልጣል የሚያሰኝ አይደለም።

ለሌሎች ሕመሞችም መልሱ ተመሳሳይ ነው። በ2016 ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ባለባቸው 342 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ6 ወር በኋላ ከሠልጣኞቹ 60 ከመቶ ያህሉ የዕለት ሥራቸውን ማከናወን በግልጽ ተሻሻለላቸው። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻሻለላቸው 44 ከመቶ ነበሩ። ነገር ግን አስተሳሰብንና ልማድን በምክር የማስተካከል ሕክምና ያገኙትም ወደ 58 ከመቶ ደርሰዋል። በ2014 ደግሞ የ3,515 ሰዎችን ውጤት የያዙ 47 ጥናቶች በአንድነት ተመረመሩ። ሥልጠናው ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀልል ታየ። ከመድኃኒት፣ ከአካል እንቅስቃሴ ወይም ከሌላ ሕክምና እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አልተገኘም።

የማይነገረውም ወገን አለ። በ2016 ተመራማሪዎች 124 ጥናቶችን ሲያዩ 108ቱ «ጠቅሟል» የሚል ውጤት ይዘው አገኙ። በስሌታቸው ግን ሊጠበቅ የሚገባው 66 ያህል ነበር። ያልተሳካው ጥናት መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ የተሳካው ብቻ ለአደባባይ ከበቃ፣ አንባቢ እንዴት ሚዛኑን ይጠብቃል? በ2022 ደግሞ በእንግሊዝ ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ ከ8 ሺህ በላይ ልጆችን ያቀፈ ትልቅ ጥናት ውጤቱ ወጣ። በክፍል ውስጥ የተሰጠው ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና አላስገኘም፤ አብዛኞቹ ልጆችም በቤታቸው አልተለማመዱትም። ለታመመ ጎልማሳ የረዳው ነገር ለጤነኛ ልጅ ሁሉ ይበጃል ማለት ስሕተት መሆኑን ወላጆች ልብ ሊሉ ይገባል። በዚያው ዓመት የጭንቀት ሕመም ባለባቸው 276 ጎልማሶች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ሥልጠናው ከታወቀ መድኃኒት እንደማያንስ አሳየ። ሆኖም ከሠልጣኞቹ ጭንቀት የባሰባቸውም ነበሩ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ ማይንድፉልነስ ባዶ ወሬ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። ለአንዳንድ ሕመሞች፣ ለአንዳንድ ሰዎች፣ ከሌሎች ሕክምናዎች ጎን ሊቆም የሚችል መጠነኛ እርዳታ ነው። ስለዚህ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ወንድም ወይም እህት «ቀልቤን እሰበስባለሁ» ብለው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መድኃኒታቸውን ቢያቋርጡ በራሳቸው ላይ አደጋ ይጋብዛሉ።

ፍትሕ ግን ሚዛኑን ወደ ራሳችንም እንድናዞር ያዝዘናል። ከመካከላችን «ሰላት የደም ግፊትን እንደሚያድን ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ወሬ ሲመጣ ሳንጠይቅ የምናሰራጭ ስንት ነን? ለሌላው «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ያልን ሰዎች ለራሳችንም እንበል። ሙእሚን የሚሰግደው አላህ ስላዘዘው ነው፤ ሰላቱ ለመጽናት የሐኪሞችን ቁጥር አይጠብቅም። ዒባዳን ወደ ክኒን ደረጃ ማውረድ ክብሩን መቀነስ ነው። በሽተኛን «ኢማንህ ቢጠነክር ኖሮ አትጨነቅም ነበር» ማለትም በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። ቀልቡን ለሰላት የሚሰበስብ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱ፣ ሐኪም ዘንድ የሚሄድም ቀልቡን ለጌታው መሰብሰቡ አይጋጭም።

ወላሁ አዕለም።