«ምልክት ከምልክት አጋጥም» ብቻውን ለምን አይበቃም?

የተበላ ካምሻፍት እንዴት እንደሚቀየር መካኒክ ብትጠይቁ፣ ማንዋል ብትገልጡ ወይም ቪዲዮ ብትከፍቱ መልሱ ያው ነው፦ «ምልክቱን ከምልክቱ አጋጥም፣ ሰንሰለቱን ግጠም፣ አለቀ!» ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው እንጂ። ሳይንሱ ያለው ደግሞ በተተወው ግማሽ ውስጥ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው በታክሲነቱ የሚያውቀውን ላዳ እንውሰድ። መኪናው የተወለደው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች በ1970 እ.ኤ.አ. ማምረት ሲጀምሩ ግን ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ አወጡት። የካምና የሮከር ቶሎ መበላት የዚህ ሞተር የታወቀ ድክመት ሆነ። የካሙ ጉብታ ሲበላ ቫልቩ በደንብ አይከፈትም፤ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ለምልክቱ ተገቢውን ክብር እንስጠው። የካምሻፍቱ መዘውር 38 ጥርስ አለው፣ የክራንክሻፍቱ ደግሞ 19። ስለዚህ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ቢዘል ካሙ 9.5 ዲግሪ ይሳሳታል፤ በክራንክ ሲለካ 19 ዲግሪ ማለት ነው። ፋብሪካው የመሳቢያው ቫልቭ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 12 ዲግሪ ቀድሞ እንዲከፈት ይፈልጋል። አንድ ጥርስ ከዘገየ ግን የሚከፈተው ጫፉን 7 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው! ምልክቱ ከዚህ ትልቅ ስህተት ያድነናል።

ከትንሹ ስህተት ግን አያድነንም። ምልክቱ ያለው መዘውሩ ላይ ነው፤ ሁለቱን መዘውሮች የሚያገናኘው ሰንሰለት ግን ይለጠጣል። አንዱ የሰንሰለት ዓይን 9.525 ሚሊ ሜትር ነው። በ38 ስናባዛው የመዘውሩ ዙሪያ ወደ 362 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 360 ዲግሪ ለማለት ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የሚጎትተው የሰንሰለት ጎን በ1 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ካሙ በ1 ዲግሪ፣ በክራንክ ደግሞ በ2 ዲግሪ ይዘገያል። 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 6 ዲግሪ፣ ማለትም የዚያ የ12 ዲግሪ ቅድሚያ ግማሽ ጠፋ። ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ የተሞረደ ቴስታታም ካሙን ወደ ክራንኩ ስለሚያቀርበው ያው መዘግየት ይጨመራል። ዓይን ግን «ኧረ ገጥሟል» ይላል፤ ጥርስ እንለውጥ ብንል ደግሞ በአንዴ 19 ዲግሪ እንዘላለን።

ታዲያ ምን ይሻላል? መለካት። የፋብሪካው ቁጥር የመሳቢያው ቫልቭ ከላይኛው ጫፍ 12 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈታል፣ ከታችኛው ጫፍ 40 ዲግሪ አልፎ ይዘጋል ይላል። 12 + 180 + 40 = 232፤ ግማሹ 116፤ 12 ሲቀነስ 104። የጉብታው ሁለት ጎኖች እኩል ከሆኑ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ፒስተኑ ጫፉን 104 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ክራንኩ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ፣ ቫልቩ ላይ ዳያል ጌጅ ትገጥማላችሁ። ሲከፈትና ሲዘጋ እኩል ከፍታ ያላቸውን ሁለት ነጥቦች ይዛችሁ መካከላቸውን ትወስዳላችሁ። ከ104 ብዙ ከራቀ አዲስ ሰንሰለት ይግባ፤ ካልተስተካከለ የሚስተካከል መዘውር አለ።

«ጋራዥ ውስጥ ለዚህ ማን ጊዜ አለው?» ትሉ ይሆናል። ግን ሳይለኩ መግጠምም ዋጋ አለው። ባለታክሲው አዲስ ካምና አዲስ ሮከር ገዝቶ ሞተሩ አሁንም ከደከመ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ከዚያ ሌላ ወጪ። ጥፋቱ ግን የማይታይ 6 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ይበቃ ነበር፦ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ምልክቱን እንደገና እዩ። ያው ሰንሰለት የዲስትሪቢዩተሩንም ዘንግ ስለሚያዞር የማቀጣጠያውንም ሰዓት ፈትሹ። ምልክት የት መጀመር እንዳለብን ይነግረናል፤ መድረሳችንን የሚነግረን ግን ልኬት ነው።