የሊቲየም ልክ

ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ ወፍሮ የተገኘ ሰው «ተመችቶሃል!» ይባላል። ሙያዋን የምታውቅ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ይህን ምርቃት ስትሰማ ታካሚውን ሚዛን ላይ ታወጣዋለች። ያወፈረው ምቾት ሳይሆን ኦላንዛፒን የተባለው መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ባይፖላርን፣ ማለትም ስሜት አንዴ የሚንርበትን አንዴ የሚወድቅበትን ሕመም፣ ከአመጋገብ መታወክና ከውፍረት ጋር ማከም አንዱን ሲይዙት ሌላው የሚያመልጥ ሥራ ነው። ኦላንዛፒን የናረውን ስሜት ያበርዳል፤ ግን ያስርባል። ፍሎክሴቲን አብዝተው በልተው ለሚያስመልሱ ሰዎች በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ይታዘዛል፤ ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ከተሰጠ ግን ወደ ማኒያ፣ ወደ ናረው ስሜት፣ ሊገፋው ይችላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የሊቲየም አያያዝ ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ እንደሚበጅ ያሳወቀው ይህ ጨው፣ በደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን ይፈለጋል። ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ያሰጋል። ውሃና ጨው ሲጎድል ኩላሊት ሊቲየሙንም አብሮ ይዞ ያስቀራል።

እንግዲህ ሁዳዴን 55 ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጠበል በቀር ውሃ ሳትቀምስ የምትጾም፣ ጧት ጠበል ጠጥታ የምታስመልስ፣ ሊቲየም የምትወስድ አንዲት ወጣት እናስብ። የክኒኑ ቁጥር ያው ነው፤ በደሟ ያለው ግን ሊጨምር ይችላል። ባለሙያዋ «ጾሙን ተይ» ብላ አትጀምርም። «እኅቴ፣ ስንት ሰዓት ድረስ ትጾሚያለሽ? ጠበሉ ያስመልስሻል? ሲኒ ስታነሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?» ትላታለች። ቀጥላ፣ እንደ ዋዛ፣ «ባለፈው ፋሲካ በምን ፈሰክሽ?»

የሥራው ውበት እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጾመኛዋ ስለ ዶሮው በደስታ ታወራለች፤ ምግብ የሚያስፈራት ልጅ ትሽኮረመማለች፣ ወሬ ትለውጣለች። ምርመራው በዚህ አያልቅም፤ ግን በር ተከፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለስፔሻሊስቶች ሳይሆን ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ባወጣው የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ ለአመጋገብ መታወክ የተለየ ምዕራፍ የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከባለሙያዋ ብልሃት ይመጣል። ሊቲየም ግን ክትትልና ላቦራቶሪ በሌለበት እንዳይጀመር ያሳስባል። የደሙን ልክ መለካት በማይቻልበት ቦታ ሊቲየምን አለማዘዝም እጅ የሚያስስም ሙያ ነው።

ሊቲየም የምትወስዱ ካላችሁ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፤ ክኒኑን ግን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ።