ስለማይጸና መሥዋዕት

መሥዋዕት የሚለው ስም ከባድ ስም ነው። ሰው ያለውን ስለ ጣለ ብቻ መሥዋዕት አቀረበ አይባልም፤ ለሚበልጥ ነገር ሲሰጥ፥ የሚበልጠውም ነገር በእውነት ሲኖር ነው እንጂ። ይህን ልዩነት በግልጥ የሚያሳይ ነገር በቼዝ ውስጥ ስላገኘሁ፥ ጨዋታ ነው ብዬ ሳልንቀው ልመረምረው አስቤአለሁ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኮሶዬ፥ ብርድና ጉም ሰውን ከቤት በሚያውልበት ቀን ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ቼዝ ይጫወታሉ። ከእነርሱ አንዱ «ሃሎዊን ጋምቢት» የሚባለውን አጀማመር አመሰገነልኝ። «ሰውን አስደንግጦ ያሸንፋል» አለኝ። ምስጋናው ራሱ ምርመራ የሚያሻው ሆኖ ታየኝ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ነጭና ጥቁር በንጉሣቸው ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ያራምዱና እያንዳንዳቸው ሁለቱን ፈረሶቻቸውን ያወጣሉ። በአራተኛው ተራ የነጭ ፈረስ በመካከል የቆመውን የጥቁር ወታደር ይበላል፤ ወታደሩ ጠባቂ ስላለው ግን ፈረሱ ወዲያው ይበላል። በቼዝ ልማድ ፈረስ ሦስት ወታደር ያህላል ተብሎ ይገመታል፤ እንግዲህ ነጭ ሦስት ሰጥቶ አንድ ተቀበለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመካከል ያሉትን ሁለት ወታደሮቹን ተራ በተራ እያራመደ የጥቁርን ፈረሶች ያባርራል፤ አንዱን ወደ ጎን ያስሸሻል፥ ሁለተኛውንም ወደ ተነሣበት ቤት ይመልሰዋል።

ከመፍረዴ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። የሰሌዳው መካከል በእውነት በነጭ እጅ ይገባል፤ ጥቁርም የወጣውን ፈረስ መልሶ በማስገባቱ ተራውን በከንቱ ያጠፋል። ላይፕዚግ በምትባለው የጀርመን ከተማ የነበሩ ተጫዋቾች በዚህ አጀማመር ብዙ ድል ማግኘታቸውን ኦስካር ኮርደል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ጽፏል፤ ጽኑ ነው ብሎ ግን አላመነበትም። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1990ዎቹ፥ ስቴፈን ያኮብ የተባለ ጀርመናዊ «ብራውዜ» የሚባል የኮምፒዩተር ተጫዋች ይህንኑ እንዲጫወት አድርጎ አሰናዳ፤ በፈጣን ጨዋታም ብዙ ሰዎችን አሸነፈ። የዛሬውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው፤ ይህ አጀማመር በሃሎዊን በዓል እንደሚደረግ ጭንብል ሰውን ያስደነግጣል ሲል ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምስጢሩን አልደበቀም፤ የድሉ ምንጭ የፈረሱ ዋጋ ሳይሆን የባላጋራው ድንጋጤ ነው።

ጥቁር ካልደነገጠስ? የዛሬው ኮምፒዩተር አይደነግጥም። ነጭ ጳጳሱን አውጥቶ በጥቁር ንጉሥ አጠገብ ያለውን ደካማ ቤት ሲያነጣጥር፥ ጥቁር በንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አራምዶ በፈቃዱ ይሰጠዋል። ጳጳሱ ሲበላው ሌላ ወታደር በአንድ ቤት ተራምዶ ጳጳሱን ያባርረዋል፤ ለጥቁር ሠራዊትም መውጫ መንገድ ይከፈታል። ትርፍ ፈረሱ ግን አሁንም በእጁ ነው። ከተቀበለው ጥቂቱን የመለሰ የቀረውን ያጸናል፤ ሁሉን ጨብጦ ለመቅረት የሚስገበገብ ግን ይታነቃል። የኮምፒዩተሩ ፍርድ እንደ ኮሶ ይመራል፤ ነገር ግን እንደ ኮሶ የሆድን ትል ያስወጣል።

ወጣቱ «ያሸነፈ አሸነፈ ነው» ይለኝ ይሆናል። አባቶቻችን በሰንጠረዥ እንዲህ አላሉም። በአገራችን ሰንጠረዥ፥ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፥ የመጀመሪያው መበላላት እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ እያንዳንዱም የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። በመጨረሻም ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን በምን አሸነፈ ተብሎ ይጠየቃል። በፈረስ ወይም በደር ንጉሡን መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ መደቅ በሚባለው ተራ ወታደር መያዝ ግን እጅግ ያስመሰግናል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን የሃሎዊን አጀማመር ድል አለው፥ ክብር ግን የለውም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል እንደሚባለው ነው፤ ብልህ ከሆነ ሰው ደጃፍ ሲደርስ ምሳሩ ይቀማል።

በሰሌዳ ላይ የሚጠፋው የእንጨት ፈረስ ስለ ሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። በኑሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባላጋራዬ ይደነግጣል ብሎ የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ በክርክር የሚያጠፋ አባት አለ፤ ይሸሹልኛል ብሎ የሰው ልጆችን ወደ ፊት የሚያሰልፍ አለቃም አለ። ሁለቱም መሥዋዕት የሚለውን ስም ይጠሩታል፤ የተሰጠው ግን የራሳቸው አይደለም፥ ፈረሱንም የጠየቀው የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ መሥዋዕት ክፈል በተባልህ ጊዜ ሁለት ነገር ጠይቅ። መጀመሪያ፥ የሚከፍለው ማን ነው? ሁለተኛ፥ ባላጋራው ሳይደነግጥ በልቡ ጸንቶ ቢቆም ይህ ሐሳብ ይቆማልን? የመጀመሪያው መልስ «ሌላ ሰው»፥ የሁለተኛውም «አይቆምም» ከሆነ፥ የቀረበልህ መሥዋዕት ሳይሆን ጭንብል ነው። ጭንብልን በመፍራት አይደለም የሚያሸንፉት፤ ተረጋግቶ በማየት ነው።