ርክክቡ አልጋው ዳር ይሁን

«ሲስተር፣ እኛ በገዛ ሥራችን አዛዥ የምንሆነው መቼ ነው?» አለችኝ በቅርቡ የተመደበች ልጅ። ሌሎቹ ቀደሙኝ። አንዱ «ዲግሪ ያለው ሲበዛ» አለ፤ አንዷ «ማትሮኗ ከሥራ አስኪያጁ እኩል ስትቀመጥ» አለች። እኔ የለመድኩትን ጭቅጭቄን ደገምኩ፦ የተረኞች ርክክብ በሽተኛው አልጋ ዳር ሲሆን።

ሳቁብኝ። ይሳቁ። በ2002 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ቅጹም አለ። ግን ስንቱ ቅጽ ነው ተረኛዋ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጠረጴዛ ላይ «ደህና አድሯል» ተብሎ የሚሞላው?

ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ስሠራ፣ በጥቅምት ከወደ ዋጃ አንድ ልጅ መጣልን። ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ሲያድር የከረመ ነው፤ ወንጭፉ ገና ከወገቡ አልተፈታም። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበታል። አርቴሱኔት ማታ 3 ሰዓት ተወጋ። ሁለተኛው መርፌ በ12ኛው፣ ሦስተኛው በ24ኛው ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት የእኔ ተራ ላይ ይውላል። የሌሊቷ ተረኛ በር ላይ ሆና «መድኃኒቱን ወስዷል» ብላኝ ሄደች። የትኛውን? አልጠየቅኋትም።

5 ሰዓት ላይ አልጋው ጋ ስደርስ ላብ አጥምቆታል፣ ሲጠሩት አይሰማም። ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ፤ 38፣ በጣም ወርዷል። ትእዛዝ ሳልጠብቅ ግሉኮስ ሰጠሁት፣ የዘገየውንም መርፌ ወጋሁት። ሐኪሙ መጥቶ «ማን አዘዘሽ?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ የስኳሩ ልክ፣ ሰዓቱ፣ የራሴም መዘግየት ሳይቀር ተጽፏል። አነበበ፣ ዝም አለ፣ ፈረመ። ልጁ ማታ ወንጭፉን ጠየቀ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ በዋርዳችን ራሱን የሳተ የወባ በሽተኛ ሲገባ ነርሷ ማንንም ሳትጠይቅ ስኳር ትለካለች። ለዚህ ስብሰባ የጠራ የለም።

አሜሪካኖች በ1983 ባወጡት ጥናት 163 ሆስፒታሎችን አይተው፣ ነርስ የሚስቡና የማይለቁ ብለው 41ዱን መርጠዋል። ደመወዝ ብቻ አልነበረም ነገሩ፤ ነርሷ በሥራዋ ላይ የምትወስነው ነበራት። እዚህ ግን አንድ ባለ ዲግሪ ባልደረባዬ «አልጋ ለአልጋ መዞር ጊዜ ይፈጃል፣ በሽተኛም ያስደነግጣል» ይለኛል። ጊዜስ ይፈጃል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት በሚተኛበት የወባ ወቅት እኔም በር ላይ ተረካክቤ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ምሳ አይወርድልኝም።

ይህ አልጋ ዳር የመረካከብ አመሌ የትምህርት ቤት አይደለም። አባቴ ዋጃ ላይ ሌሊት ከርከሮ ሲጠብቅ አድሮ፣ ግሪሳ የሚጠብቀው ወንድሜ ጠዋት ሲተካው ቤት ውስጥ አያስረክበውም ነበር። እያዛጋ ማሳው ዳር ይወስደውና በጣቱ ያሳየዋል፤ «እዚህ ገብቷል። እዚያ አጥሩ ላልቷል። ይቺኛዋን እኔ ነኝ የረገጥኳት።»