እንግዳ ተቀባይ በደመወዝ

ጅማ ውስጥ ቡና ያማረው ሰው ቡና ቤት ባይገባ ይሻለዋል። «ቡና ቤት» የሚባለው ቢራ የሚሸጥበት፣ ከጓሮው ደግሞ አልጋ የሚከራይበት ቤት ነው። ቡናው ያለው ደጅ ላይ ሸራ ወጥራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ከተቀመጠችው ባለ ጀበና ዘንድ ነው። አጋሮም ሊሙ ገነትም ያው ነው። የአገሩ ሁሉ አጠራር መሆኑን አውቃለሁ፤ በቡና አገር ሲሆን ግን ያስቃል።

የመንገደኛ ቃሎቻችን ስማቸው ወዲህ፣ ሥራቸው ወዲያ ነው። «ፔንሲዮን» በአውሮፓ መኝታን ከምግብ ጋር የሚያቀርብ ቤት ነበር፤ የእኛው ፔንሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ሻይ እንኳ አያፈላም። «ሰርቪስ» ደግሞ ሂሳብ ላይ ክፍያ፣ ግቢ ውስጥ የጓሮ ክፍል፣ መንገድ ላይ የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ነው።

የ«አልቤርጎ» ጉዳይ ይብሳል። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያኖቹም ከጥንት የጀርመን ነገዶች ቋንቋ ያገኙት ሲሆን፣ ሥሩ «የጦር ሠራዊት መጠለያ» ማለት ነው። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። ሠራዊቱ ተሸንፎ ወጣ፣ ቃሉ ቀረ። ዛሬ «አልቤርጎ አደረ» ቢባል የሚቀየም ሰው፣ «ሆቴል አደረ» ሲባል ደስ ይለዋል።

ባዕድ ቃል ለምን እንዲህ ተመቸን? የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ኦሮምኛው «ኬሱማ» የሚለው ይህንኑ እንግዳ ነው። እንግዳን ደግሞ ዋጋ አይጠይቁትም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ እንኳ ከፍሎ መብላት ለብዙው ሰው ነውር ሆኖበት ነበር ይባላል። «እንግዳዬ፣ ክፈለኝ» ለማለት አፍ ስላፈረ፣ የባዕዱ ቃል መጋረጃ ሆነልን።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን ቃል ነው። «እንግዳ ተቀባይ» አብርሃምን የምናወድስበት ስም ነበር፤ አሁን የሥራ መደብ ሆኗል፤ መታወቂያ ይቀበላል፣ ቅድሚያ ያስከፍላል። ልጁን አልወቅሰውም፣ እንጀራው ነው። «ጉርሻ» ላይ ግን ዝም አልልም። ጉርሻ ከአንድ መሶብ የተቀመጡ ሰዎች ፍቅር ነው፤ አጉራሹም ጎራሹም እኩል ተቀምጠዋል። አሁን ቆማ ለምታስተናግድ ልጅ የምንተውላት ዝርዝር ብር ጉርሻ ተባለ። የቃሉ ጣፋጭነት ለባለቤቱ ጠቀመው፤ ደመወዟን ሲያሳንስ «ጉርሻ አላት» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን እንኳ ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ በእጅ የሚጣለው ሳንቲም እንዴት ይቆጠራል?

ስለዚህ የቡና ነጋዴው በለቀማ ወቅት ጅማንና አጋሮን ሲሞላና ልጅቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስትቆም፣ የምንሰጣትን በስሙ እንጥራው፦ የደመወዝ ጉድለት ማሟያ ነው። «ሰርቪስ» ተብሎ የተቆረጠብን ገንዘብም ማን ኪስ እንደሚገባ እዚያው ሂሳቡ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍልን። እርግጥ ልጅቱን ብንጠይቃት ትነግረን ይሆናል፤ ግን ባለቤቱ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል።