ሁለቱ ዌልሶች በሳን አንቶኒዮ፦ የአንድ ድንገተኛ ትውውቅ ሂሳዊ ዳሰሳ

እንግሊዛዊው የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስና አሜሪካዊው የቴአትርና የሬዲዮ ባለሙያ ኦርሰን ዌልስ የተዋወቁት በኦክቶበር 1940 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ነው። ሲተረክ በኖረው መሠረት፣ ደራሲው በከተማዋ ሲያልፍ አቅጣጫ ይጠፋውና መኪናውን አስቁሞ አንድ መንገደኛ ይጠይቃል፤ መንገደኛውም ከሁለት ዓመት በፊት የደራሲውን ልቦለድ በሬዲዮ አሰምቶ አሜሪካን ያነጋገረው ወጣት ሆኖ ይገኛል። የሁለቱ የቤተሰብ ስም በአማርኛ አንድ ዓይነት ስለሚጻፍ ከዚህ በኋላ አንጋፋው «ደራሲው»፣ ወጣቱ «ኦርሰን» ይባላሉ።

የትረካው ውበት የተለመደውን ሚና መገልበጡ ነው። በብዙ የአጋጣሚ ታሪኮች ተጓዡ አንባቢ ሲሆን በመንገዱ የሚያገኘው ደራሲውን ነው። እዚህ መንገድ የጠፋበት ደራሲው ራሱ ነው፤ የሚመራውም ድርሰቱን ወስዶ ደራሲው ባላሰበው መንገድ የነዳው ሰው ነው። ይህን ያህል የተስተካከለ ታሪክ ግን ጥርጣሬን ይጋብዛል። ሁለቱም በዚያ ሰሞን ወደ ሳን አንቶኒዮ የመጡት ለንግግር ነበር፤ ደራሲው የተጋበዘው በአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ ነው። ሁለት ዝነኛ ተናጋሪዎች በአንድ ሰሞን አንድ ከተማ ውስጥ ቢገናኙ ተአምር አይደለም። ለጥናት የሚበጀው ኬቲኤስኤ የተባለው የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ኦክቶበር 28 ያስተላለፈው ውይይታቸው ነው። ውይይቱን የመራው ቻርልስ ሾው ሲሆን፣ ርዝመቱ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ድምፁ ዛሬም ይደመጣል።

በመካከላቸው የነበረው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። «የዓለማት ጦርነት» በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1898 በመጽሐፍ የታተመ ልቦለድ ነው። ከማርስ የመጡ ፍጡራን ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ በዎኪንግ አጠገብ ሲያርፉና የእንግሊዝን ጦር ሲደመስሱ ያሳያል። ኦክቶበር 30 ቀን 1938 የኦርሰን ሜርኩሪ ቴአትር በሲቢኤስ ሬዲዮ ያቀረበው ድራማ ታሪኩን ወደ ኒው ጀርሲ አዛወረው፤ የጽሑፉ አዘጋጅ ሃዋርድ ኮች ማረፊያውን ግሮቨርስ ሚል የተባለች ትንሽ መንደር አደረጋት። ከቦታው ለውጥ ይልቅ ወሳኝ የሆነው የቅርጽ ለውጡ ነው። በልቦለዱ ውስጥ አንድ ሰው ያለፈበትን መከራ ከጊዜ በኋላ እያስታወሰ ይተርካል። በድራማው የመጀመሪያ ክፍል ግን የዳንስ ሙዚቃ በአስቸኳይ ዜና እየተቋረጠ መዓቱ በአድማጩ ጆሮ ሥር ይፈጸማል። የሙኒክ ስምምነት ከተፈረመ ገና አንድ ወሩ ነበር፤ አሜሪካውያን ፕሮግራም ተቋርጦ የአውሮፓን የጦርነት ሥጋት መስማት ለምደው ነበር። ድራማው የተዋሰው ይህንን ልማድ ነው። ደራሲው ከለንደን በወኪሉ በኩል ያሰማው ቅሬታም በዚሁ ላይ ያነጣጠረ ነበር፦ ልብ ወለዱ እውነተኛ ዜና እንዲመስል ተደርጎ እንዲለወጥ አልፈቀደም።

በማግስቱ ጋዜጦች አገሩ በሙሉ በሽብር እንደተናጠ ጻፉ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሃድሊ ካንትሪል በ1940 ባሳተመው ጥናት ድራማውን 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሰማውና ቢያንስ 1 ሚሊዮኑ እንደታወከ ገመተ። ይሁን እንጂ በዚያው ምሽት በስልክ በተደረገ የአድማጭ ዳሰሳ ፕሮግራሙን እየተከታተሉ እንደሆነ የተናገሩት ከተጠያቂዎቹ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኛው አድማጭ በተቀናቃኙ ጣቢያ የኤድጋር በርገንን አስቂኝ ዝግጅት ይሰማ ነበር። ጋዜጦቹ ማስታወቂያቸውን የሚሻማቸውን ሬዲዮ የማይታመን አድርገው ለማሳየት ምክንያት ነበራቸው። የፈሩ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ አገር አቀፍ ሽብር የሚለው ግን በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነቱ እየሳሳ ሄዷል።

በዚህ ረገድ ደራሲው በሳን አንቶኒዮ ያሳየው ጥርጣሬ ከዘመኑ የቀደመ ነው። ወጣቱን በስሙ ሞክሼነት እያሞካሸ ከተቀበለው በኋላ፣ በእርግጥ እንዲህ ያለ ሽብር ነበር ወይስ አሜሪካውያን የሃሎዊንን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር ብሎ ጠየቀ። ኦርሰን ይህን እንደ ቸርነት ወሰደው። ሂትለር ድራማውን መዘባበቻ እንዳደረገው፣ የሕዝቡን ድንጋጤም የዴሞክራሲ አገሮች መበስበስ ምልክት አድርጎ እንዳቀረበው አነሳ። ስለዚህ የደራሲው ጥያቄ ኦርሰንን ብቻ ሳይሆን ተታለለ የተባለውንም ሕዝብ ነፃ የሚያወጣ ሆነ። የ1938ቱ ቅሬታ በዚህ ውይይት አልተነሳም። የ74 ዓመቱ ሰው በ25 ዓመቱ ወጣት ላይ ሊያነሳው የሚችለውን ክስ ትቶታል፤ የልቦለዱ ባለቤትነት ጥያቄ የተዘጋው በዚህ ዝምታ ነው ማለት ይቻላል።

የውይይቱ ጥልቅ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ደራሲው አሜሪካውያን ጦርነቱ ገና ደጃፋቸው ስላልደረሰ በሽብርና በግጭት ሐሳብ መጫወት እንደሚችሉ ተናገረ። ይህ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አደጋው ፊት ለፊት እስኪመጣ ድረስ ተፈጥሯዊ ነገር ነው አለ፤ ያን ጊዜ ጨዋታነቱ እንደሚያበቃም ሁለቱ ተቀባበሉ። ይህን የሚለው ሰው የመጣው የጀርመን አውሮፕላኖች በየሌሊቱ ከሚደበድቧት ለንደን ነበር። በ1908 ባሳተመው «ጦርነት በአየር ላይ» ከተሞች ከሰማይ ሲወድሙ አሳይቷል፤ በዚያው በ1940 ደግሞ ስለ ሰው ልጆች መብት መጽሐፍ አውጥቶ በየአዳራሹ ይሟገትለት ነበር። ንግግሩ ትንቢቱ ከደረሰበት ሰው የወጣ ነውና ከስም ሞክሼነት ወግ ሁሉ ይልቃል።

«የዓለማት ጦርነት» ራሱ ከመነሻው ጨዋታ አልነበረም። ሐሳቡን ያመነጨው ወንድሙ ፍራንክ መሆኑን ደራሲው በመታሰቢያ ገጹ ገልጿል፤ መነሻውም አውሮፓውያን በታዝማኒያ ነባር ሕዝብ ላይ ያደረሱት ዕልቂት ነበር። ልቦለዱ ያንን መዓት በቅኝ ገዥዋ አገር ላይ መልሶ አወረደው። የሬዲዮው ድራማ ፍርሃቱን ወርሶ ይህንን ክስ ግን ትቶታል። የድራማው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ከአድማጮች ድንጋጤ ይልቅ ሂሳዊ ትኩረት የሚገባውም ይህ ነው። በሳን አንቶኒዮም ጉዳዩ አልተነሳም።

በመጨረሻም ደራሲው ወሬውን ወደ ኦርሰን አዲስ ፊልም መራው፤ ወጣቱ ሥራውን እንዲያስተዋውቅ ዕድል መስጠቱ ነበር። ኦርሰን አዲስ የአቀራረብ ስልትና አንዳንድ የቴክኒክ ሙከራዎች እንዳሉበት ሲገልጽ፣ ደራሲው ፊልሙ አዳዲስ ድምፆች እንደሚኖሩት ከንግግሩ ገመተ። ግምቱ ልክ ነበር፤ ሬዲዮ ላይ የተማረ ሰው የሠራው ፊልም ነውና። ሜይ 1 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ለሕዝብ የቀረበው «ሲትዝን ኬን» ባለታሪኩ ሲሞት ይጀምርና ወዲያው ሕይወቱን በሐሰተኛ የሲኒማ ዜና ያሳያል። ኦርሰን በ1930ዎቹ እውነተኛ ዜናን በተዋንያን በሚያቀርበው «ማርች ኦፍ ታይም» የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሠርቷል፤ የፊልሙ ዜናም የዚያን ዝግጅት ለዛ ይከተላል። ደራሲው በ1938 የተቃወመው ስልት፣ ልብ ወለድን የዜና ልብስ ማልበስ፣ እዚህም አለ። ልዩነቱ ፊልሙ ተመልካቹን በማታለሉ ውስጥ አለመተዉ ነው፦ ዜናው እንዳለቀ ካሜራው ወደ ጨለማው የማሳያ ክፍል ይዞርና የሠሩት ጋዜጠኞች ምን እንደጎደለው ሲከራከሩ ያሳያል።